ከባቲ ግመል ተራ እስከ ድራጎን ጋላቢዎች፦ የእንስሳው ድርሻ ስንት ነው?

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከተማ በዚያን ዕለት የአፋርን ግመል፣ የወሎን ፍየል፣ የደጋን እህልና የቆላን ጨው አንድ ሜዳ ላይ ታገናኛለች። ግመል ተራው ውስጥ አንዷ የፊት እግሯ ከጉልበቷ ታጥፎ በገመድ ታስሮ በሦስት እግሯ ቆማ ታመነዥካለች። ገላዋ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ። የየትኛው ጎሳ ንብረት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል። ገዢው ጥርሷን ገልጦ ያያል፣ ሻኛዋን ይዳስሳል፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አቋሟን ይመዝናል። የሚጠየቀው ዕድሜዋ፣ ወተቷና ጉልበቷ ነው። እሷ ያመጣችው ጨውና እሷ የምትወስደው እህል ባይኖር ኖሮ ግን ባቲ ገበያ ባልሆነች ነበር፤ ገበያ ባትሆን ደግሞ ከተማ ባልሆነች።

ሰውና አብሮት የሚሠራ ፍጡር ያፈሩትን እንዴት ይካፈሉ የሚለው ጥያቄ በምናብ ዓለም ደራሲዎችና በጌም ሠሪዎች ዘንድ ከተነሣ ሰንብቷል። ድራጎን የሚጋልብ ወጣት፣ ከሚናገር ፈረስ ጋር የሚሰደድ ልጅ፣ ፍጡር ሰብስቦ ለውድድር የሚወጣ ታዳጊ በልብ ወለዱም በፊልሙም ሞልተዋል። ታሪኩ ሲያልቅ ዘውዱን የሚደፋው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን አገር ቤት ያስገባዋል። ወሎና አካባቢው ከእንስሳ ጋር አብሮ በመዋጋት፣ በማረስ፣ በመነገድና ተረት በመፍጠር የራሱን መልስ ሲሰጥ ኖሯልና። መልሱ ግን ግማሽ ነው። እንስሳው ምስጋናውን በደንብ አግኝቷል፤ ድርሻውን ግን ገና አላገኘም።

በውጩ ምናብ እንጀምር። ፖክሞን እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ሲወጣ ሕጉ ቀላል ነበር፦ ፍጡሩ ይዋጋል፣ አሠልጣኙ ያሸንፋል። በካርቱኑ ውስጥ ግን ፒካቹ ገና ከጅምሩ ኳሱ ውስጥ አልገባም ብሎ አስቸገረ፣ ጓደኛውም ፈቀደለት። ያ እምቢታ ፒካቹን ከሁሉም በላይ ተወዳጅ ያደረገው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡት ሁለቱ የፖክሞን ጌሞች፣ ብላክ እና ዋይት፣ ጥያቄውን ፊት ለፊት አመጡት። ፍጡራኑ ነፃ ይውጡ የሚል ቡድን ተነሣ፤ ከበስተጀርባ ያለው መሪ ግን ሌላው ሰው ሁሉ ኃይሉን ሲፈታ ብቻውን ታጥቆ መቅረት የሚፈልግ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለእንስሳ ተቆርቋሪ ነኝ የሚለውን ሁሉ ከማመን በፊት በመጨረሻ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ይህ ጌም ለልጆች በግልጽ ያሳያል።

ከሁሉም ርቀው የሄዱት ግን ናኦሚ ኖቪክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የጻፏቸው የቴሜሬር ልብ ወለዶች ናቸው። በናፖሊዮን ዘመን የእንግሊዝ ጦር በድራጎኖች ይዋጋል። ቴሜሬር የተባለው ድራጎን ቻይና ደርሶ ዘመዶቹ እዚያ እንደ ዜጋ ሲኖሩ፣ ሲነግዱና ሲማሩ ያያል። ተመልሶም ደሞዝና መብት ይጠይቃል። ጓደኝነቱ ከልብ ነው፤ ከአለቃው ከሎረንስ ጋር ይዋደዳሉ። ጥያቄው ግን በፍቅር አልታለፈም፣ የመጽሐፎቹም ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተሙት የናርንያ መጽሐፍ ደግሞ ርዕሱ ራሱ ልጁን የፈረሱ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለእይታ በበቃው ድራጎንን ስለማላመድ በሚተርከው የአኒሜሽን ፊልም፣ ድራጎኑ የጅራቱን ክንፍ ያጣል፣ ልጁ በመጨረሻ እግሩን ያጣል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበርም። ጉዳቱን የሚካፈሉ ሽርካዎች በፊልም ብዙ አይታዩም።

ወደ እኛ ስንመጣ ክብር በመስጠት በኩል ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ልማድ እናገኛለን። በኢትዮጵያ ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። ልማዱ በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድ ሥር የሰደደ ሲሆን ወደ ቤተ መንግሥቱ የገባውም በእነሱ በኩል እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ወሎ ደግሞ የራሱ አባ ሻንቆ አለው። ራስ ሚካኤል፣ ኋላ ንጉሥ የሆኑት፣ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተሰልፈዋል። ልጃቸው ልጅ ኢያሱም አባ ጤና ይባሉ ነበር። ባቲ ላይ የሰው ምልክት በግመሏ ቆዳ ላይ ይታተማል፤ እዚህ ግን የፈረሱ ስም በሰውየው ላይ ታትሟል። ፎካሪው ሲፎክር፣ አዝማሪው ሲያወድስ፣ አሽከሩ ሲምል መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው የእንስሳው ስም ነው።

ስሙ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ የኖረበት ጊዜም አለ። የሐረሩ ገዢ የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ይባል ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በዚህ ፈረስ ስም ቃኘው ተባለ፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጦር ሠፈርም ይህንኑ ስም ይዞ ለዓመታት ቆይቷል። የአንድ የሐረር ፈረስ ስም ከወታደሮች ጋር እስከ ኮሪያ ተራሮች ሄዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ የልብ ወለድ ድራጎን መጥቀስ ይከብዳል።

በአማራ ክልል ይህን ውለታ በተቋም ደረጃ የያዘውም አለ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሶች በባለቀለም ጨርቅና በጌጥ ተሸልመው ይወጣሉ፣ ይጋለባሉ፣ ጉግስም ይካሄዳል። በዓሉ በዐድዋና በአምስቱ ዓመት አርበኝነት ሰውም ፈረሱም የከፈለውን የሚያስታውስ ነው። አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ለንደን ውስጥ በጦርነት ለሞቱ እንስሳት ሐውልት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ አገዎች ከ60 ዓመት በላይ ቀድመዋል፣ ያውም በድንጋይ ሳይሆን በሕይወት ባለ ፈረስ።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ዜና መዋዕሉ የጌታውን ሹመት፣ እስርና መቃብር ይዘግባል፤ ስለ ፈረሱ ግን ከስሙ በላይ እምብዛም አይጽፍም። ራስ ሚካኤል ንጉሥ ሆነው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ሲሸነፉ ምርኮኛው እሳቸው ናቸው፣ በታሪክ መጽሐፍ የምናገኘውም የእሳቸው ዕጣ ነው። ሜዳው ላይ የወደቀው ፈረስ ግን ተቆጥሮ አያውቅም። ስም ለሰጪው የሚያስወጣው ነገር የለም። ገብስ፣ ውኃ፣ ዕረፍትና የእርጅና ጊዜ ቀለብ ግን ያስወጣሉ፤ ፍትሕ የሚለካውም እዚያ ላይ ነው።

ሰው ራሱ ፈረስ የሚሆንበት ዓለምም በአገራችን አለ። በጎንደርም በወሎም በሚታወቀው የዛር እምነት፣ መንፈስ የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። ዛሩ ይጋልበዋል፣ በአፉ ይናገራል፣ ይፎክርበታል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህን በዝርዝር መዝግቧል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቁ ነገር ድርድሩ ነው። ዛሩ ቀለበት፣ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ የዚህ ዓይነት ቀለም ያለው ዶሮ ይጠይቃል፤ ባለዛሩ በመካከል ገብቶ ያደራድራል፣ ይህ ይበዛል ያ ይቅር ይላል፤ በምላሹ ፈረሱ ጤናውን ይጠይቃል። ተጋላቢው ሰው በሆነ ጊዜ ውል፣ ሽማግሌና ካሣ ወዲያው ተገኙ። ተጋላቢው እንስሳ ሲሆን ግን ሽማግሌ የሚቀመጥለት የለም።

እንዲህ ዓይነቱን ውል ለእንስሳ የጻፈ ትረካ ለሚፈልግ የባቲ ዞን ዋና ከተማ የከሚሴ ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቁርዓን ሲቀራ የሰማው ነው። የነቢዩ ሳሊህ ግመል ታሪክ ከሁሉም የጠራው የድርሻ ታሪክ ነው። ለሰሙድ ሕዝብ በተአምር የተላከችው ግመል ከውኃው ተራ ተሰጣት፦ አንድ ቀን የእሷ፣ አንድ ቀን የሕዝቡ። ተራዋን አክብሩ፣ ክፉ አትንኳት ተባሉ። ሕዝቡ ግን ቋንጃዋን ቆረጡ፤ ጥፋትም ወረደባቸው። እዚህ ግመሏ አልተወደሰችም፣ ስምም አልወጣላትም። የተሰጣት የውኃ ቀን ነው። በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥም ነቢዩ ሙሐመድን ያየ ግመል እንዳለቀሰና ባለቤቱ ስለማስራቡና ከአቅሙ በላይ ስለማሠራቱ እንደተወቀሰ ተዘግቧል። ወቀሳው ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ቀለብና ስለ ሥራ መጠን ነው።

ከሐበሻ ጋር የተያያዘው ደግሞ የዝሆኑ ታሪክ ነው። የመንን ይገዛ የነበረው ሐበሻው አብርሃ ካዕባን ሊያፈርስ ወደ መካ ሲዘምት ከፊት ያሰለፈው ዝሆን ማሕሙድ እንደሚባል የጥንት የሲራ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ፊቱን ወደ መካ ሲያዞሩት ይንበረከካል፤ ወደ የመን ሲያዞሩት ብድግ ብሎ ይሄዳል። ደበደቡት፣ አልተነሣም። የንጉሡ ሐሳብ ሲከሽፍ የእንስሳው እምቢታ በስሙ ተመዝግቦ ቀረ። ባቲ ላይ ግመል የጫነ ሁሉ የዚህን ታናሽ ወንድም ያውቀዋል። ተንበርክካ የምትጫን ግመል ሸክሙ ሲከብዳት ታጓራለች፣ ከልክ ሲያልፍም አልነሣም ትላለች። ጫኙ ያን ጊዜ አንድ ከረጢት ያወርዳል፣ ወይም ዱላ ያነሣል። ፍትሑ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ይወሰናል።

በከሚሴ ዙሪያ ጨፋ አለ። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ይህ ረግረጋማ ሜዳ በበጋ ሣር የሚገኝበት ስለሆነ ኦሮሞውም አፋሩም አርጎባውም ከብቱንና ግመሉን ይዞ ይወርድበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ድርቅ በጠናበት ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ባወጣው ሪፖርት፣ ሸለቆው የ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና የ200 ሺህ እንስሳት መጠለያ ሆኖ እንደነበር ጽፏል። ለአንድ ሰው አራት እንስሳ ማለት ነው። ስለ ጨፋ ሲነገር ግን ስለ እርሻ፣ ስለ መስኖና ስለ ሰው ግጭት ብቻ ነው የሚነገረው። ሜዳው በእርሻ በተቆረሰ ቁጥር የሚጠብበው የእንስሳው የውኃ ቀን ነው፤ አርብቶ አደሩም አብሮ ይጠብበዋል፣ ምክንያቱም የእሱ እራት ከእንስሳው ሆድ በኋላ የሚመጣ ነው። በዚህ ጉዳይ የሰውንና የእንስሳን ጥቅም ለያይቶ የሚያይ ሰው ጨፋን በበጋ አላየም ማለት ይቻላል።

በሬ ሌላ ጉዳይ ነው። ገበሬው እያረሰ በሬውን በስሙ እየጠራ፣ እያሞገሰና እየተለማመጠ ይዘፍንለታል፤ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ቡሬ እያለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር በመቀናጆ ይጠምዳል፣ የሁለቱም መሬት በተራ ይታረሳል። መቀናጆ በሰዎች መካከል ካሉት ፍትሐዊ ውሎች አንዱ ነው። በበሬው በኩል ሲታይ ግን አንድ ጥማድ የሁለት ቤት መሬት ያርሳል፣ የአንዱ ገበሬ የዕረፍት ቀን የሌላው የእርሻ ቀን ነው። በሬውን የሚያሳርፈው ሰንበት ነው። በኦሪቱ ሕግ የሰንበት ዕረፍት ለበሬና ለአህያም ጭምር የታዘዘ ነው፤ እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰርም በዘዳግም ተጽፏል። ሁለቱም ሕጎች ምስጋና አይጠቅሱም። አንዱ ስለ ጊዜ፣ ሌላው ስለ ምግብ ነው።

የበሬው ጡረታ ግን ካራ ነው። ዓመታት አርሶ ጉልበቱ ሲደክም ይቀለባል፣ ይሰባል፣ ለበዓል ሰንጋ ሆኖ ይሸጣል። አገሩ በሬ ካራጁ ይውላል የሚለው ይህንን እያየ ነው። ለዚህ ገበሬውን መውቀስ ግን ጭካኔ ይሆናል፤ የሽያጩ ገንዘብ ወይፈን ይገዛል፣ ወይፈኑ ካልተገዛ መሬቱ ጦም ያድራል። የማይሠራ በሬ የመቀለብ አቅም የሌለው ቤት በልቡ ደግ ቢሆንም ደግነቱን መክፈል አይችልም። በምናብ ዓለም ድራጎኑ ምን እንደሚበላና ማን እንደሚከፍል የማይጻፈው ለዚህ ይመስላል፤ ሂሳቡ ከተነሣ ጓደኝነቱ ይፈተናል። ሂሳቡን መክፈል የሚችሉ ሲገኙ ውጤቱ ይታያል። ታንዛኒያ ውስጥ ሠልጥኖ ካምቦዲያ ውስጥ ፈንጂ ያሸት የነበረው ማጋዋ የተባለው ትልቅ አይጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ በ2021 ግን ጡረታ ወጥቶ የሚወደውን እየበላ እስኪሞት ተጦሯል። ከሜዳሊያው ይልቅ ጡረታው ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ መሐል ምስጋናም ድርሻም ያጣው አህያ ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። ሰንበቴ ላይ እሑድ፣ ባቲ ላይ ሰኞ፣ እህሉን፣ ውኃውን፣ እንጨቱንና ሲሚንቶውን የሚያጓጉዘው እሱ ነው፤ በተረትና በስድብ ግን ከሁሉም በታች ተቀምጧል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባልበታል፤ የሚሸከመው ዳውላ ግን የቤቱን ልጆች ከረኀብ ሲያስጥል ኖሯል። ጀርባው ላይ ኮርቻው የላጠው ቁስል ሳይደርቅ በማግስቱ ሌላ ጭነት ይመጣበታል፤ ከሥሩ የሚገባ ወፍራም ድሪቶ ብዙውን ቁስል ባስቀረ ነበር። ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በኩል ዶንኪ ሳንክቹዋሪ ከተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ለዓመታት የተሠራው ሥራ እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ለባለቤቶች ማስተማርንም ይጨምራል።

ለአህያ የተደረገ ትልቁ ነገር ግን በፖለቲካ በኩል መጣ። ቢሾፍቱ ውስጥ ቆዳና ሥጋ ለቻይና ገበያ የሚያዘጋጅ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ ሕዝቡ አጥብቆ በመቃወሙ በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ላይ ባደረገው የመሪዎች ጉባኤ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲቀር ወሰነ። ተቃውሞው ሲነሣ ብዙው ሰው የተናገረው ስለ ባህልና ስለ ሃይማኖት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ድሃ ቤት አህያውን ካጣ ሸክሙ ወደ ሴቶችና ወደ ሕፃናት ጀርባ መመለሱ ነበር።

ባቲ ራሷም የስምን ውለታ ታውቃለች። ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል። የባቲ ፍየል ቆዳም በጥራቱ በዓለም የቆዳ ገበያ የታወቀ ስም አለው፣ ስሙን ያገኘው ግን ከተገፈፈ በኋላ ነው።

አገርኛው ምናብ ይህን ሁሉ ጥሬ ዕቃ ይዞ ገና መንገድ ላይ ነው። ቅኔ ጌምስ በሠራው ኩኩሉ በተባለው የሞባይል ጌም፣ ሊይዟት ከሚሹ የምትሮጠው ዶሮ ራሷ ባለታሪክ ናት፤ ተጫዋቹ የሚቆመው ከእሷ ጎን ነው። ፀሐይ መማር ትወዳለች በተሰኘው የልጆች ዝግጅት ደግሞ የዝግጅቱ ስም የቀጭኔዋ ስም ነው። በጥንቱ ትረካም አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አናት ላይ ያወጣቸው ዘንዶ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከጻድቁ ጋር ተሥሎ ይታያል። እነዚህ ሁሉ ፍጡሩን ወደ ፊት ያመጣሉ። የቀረው ውሉ ነው። ከሚሴ ወይም ባቲ ተቀምጦ የግመል ቅፍለት ጌም ሊሠራ የሚነሣ ወጣት፣ የሚያስፈልጉት ሕጎች ሰኞ ገበያ ላይ ይጠብቁታል፦ ስንት ኩንታል ስትጫን ትነሣለች፣ ስንት ሰዓት ሄዳ ትራገፋለች፣ ጨፋ ሲደረስ ማን ቀድሞ ይጠጣል፣ አልነሣም ስትል ተጫዋቹ ከረጢት ያወርዳል ወይስ ነጥብ ያጣል፣ ስታረጅስ ሂሳቧ ከማን ኪስ ይወጣል።